ሲጋር ቤቱን የዘጋሁ ጊዜ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

መጋረጃውን ዛሬም አጠብኩ። ገና ሳልሰቅለው ጭሱ እንደገና ያዘው። ከሲጋር ቤቱ የሚለየኝ አንድ በር ነው። ብዘጋውም ይገባል... ጭሱም፣ ጫጫታውም።

እንደ ወትሮው ኒካኖር መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ ትንባሆውን ይጠቀልላል። መምህር ኦቪዲዮ በሩ አጠገብ ሆነው ጋዜጣ ጮክ ብለው ያነባሉ። ፌዮ ደግሞ ያቋርጣቸዋል። ፌዮ የልጄ የክርስትና አባት ነው፤ ቤቴን እንደ ቤቱ ነው የሚያየው።

«መምህር፣ ሚኒስትሩን ይተዉትና ወደ ቤዝቦሉ ይሂዱልን!»

«ቆይ አንተ! ሚኒስትሩም ኳስ ነው፤ የሚመታው ጠፍቶ ነው እንጂ።»

ሳቅ። ጠረጴዛ ድብደባ። መንገደኛው ሳይቀር ቆሞ ይስቃል። ይሄ ሁሉ በአንዳንድ ሲጋር ነው፤ አንዷን እስከ ምሳ ያቆዩዋታል።

ባሌ ሊዮንሲዮ በሕይወት ሳለ ይሄ የእሱ ዓለም ነበር። እሱ ሄደ፣ ወዳጆቹ ቀሩልኝ።

ዩዴልካ ከኒውዮርክ ደወለች። «እማዬ፣ አሁንም ትስያለሽ? ሲጋር ቤቱን ፋርማሲ ሊያደርጉት የፈለጉት ሰዎች እኮ መልስ እየጠበቁ ነው።» አስብበታለሁ አልኳት። ምኑን ነው የማስበው?

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

የፋርማሲው ሰውዬ መጣ። ግድግዳውን ለካ። ጣሪያውን በጣቱ ነክቶ የጠቆረ ጣቱን አየው። ሁሉንም ነጭ እናደርገዋለን አለ። ነጭ... ደስ አለኝ። ፈረምኩ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

ነገርኳቸው። ቆሜ፣ ቶሎ ብዬ።

ፌዮ እንደ ልማዱ ሊቀልድ ሞከረ። «ጥሩ ነዋ፣ እኛም ሲጋሩን ትተን ሽሮፕ እየጠጣን እንጫወታለን።» የሳቀለት የለም። ኒካኖር እጁን አላቆመም። «እትዬ፣ የነከርኩትን ቅጠል ልጨርስ? ይበላሻል» አለኝ ብቻ።

መምህር ጋዜጣቸውን አጠፉ። «እኔስ የት ነው የማነበው?»

«እቤትዎ ነዋ መምህር። በሰላም፣ የሚያቋርጥዎ ሳይኖር።»

«እቤትማ ማን አለና?»

ፌዮ አየኝ። ኒካኖርም አየኝ። አስተያየታቸው ምን እንደሆነ አልገባኝም። ተናደው ነው አልኩ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 28

የመጨረሻው ቀን። ወንበሮቹን ተካፈሉ። ኒካኖር አውራ ጎዳናው ላይ ካለው ፋብሪካ ሥራ አግኝቷል። እዚያ ማውራት ክልክል ነው አለ። ፌዮ መምህርን ክንዳቸውን ይዞ ወጣ። ሁሌም እንዲሁ ነበር የሚሄዱት፣ ተያይዘው። የወዳጅነት ይመስለኝ ነበር።

እሑድ፣ ማርች 9

ጸጥታ። መጋረጃው ንጹሕ ነው። ከሰዓት በኋላ ተኛሁ... በቀን! ደስ ይላል።

ሳሉ ግን አልተወኝም።

ሐሙስ፣ ማርች 20

ገበያ ላይ ፌዮን አገኘሁት። ሙዝ ይመርጣል። እሱን ብቻውን፣ ዝም ብሎ ሳየው ይሄ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

«መምህር እንዴት ናቸው?» አልኩት።

«አንቺን ልጠይቅሽ ነበር እኮ፣ አበልጄ። ኒካኖር ይሄዳል ብዬ...»

ኒካኖር ደግሞ ፌዮ ይሄዳል ብሎ ይሆናል። እኔም ሁለቱ ይሄዳሉ ብዬ። ሲጋር ቤቱ እያለ አንድ ሰው ከጠዋቱ ካልታየ ሌላው ተነስቶ በሩን ያንኳኳ ነበር። ይሄን ያዘዘ ሰው አልነበረም። አሁን ማን ከየት ቀረ ይባላል?

ረቡዕ፣ ማርች 26

መምህር ቤት ሄድኩ። ጋዜጣና ከኒካኖር የቀረ ሲጋር ይዤ።

ከስተዋል። ጢማቸው አድጓል። ድስቱ ውስጥ የደረቀ ሩዝ አለ፤ የመቼ እንደሆነ እንጃ። ድምፄን ሲሰሙ ግን ፊታቸው በራ። «ኤርሲሊያ! ነይ ግቢ፣ ግቢ።»

የምናገረው ሲጠፋኝ፣ እስቲ ያንብቡልኝ አልኳቸው። ጋዜጣውን ገለጥ አድርገው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ። ያ ድምፅ! የሆስፒታል ጣሪያ አፈሰሰ፣ ከንቲባው ጃንጥላ ይዘው ሊጎበኙ መጡ... ሳቅኩ። የጃንጥላውን ፎቶ ለማየት በትከሻቸው በኩል ጠጋ አልኩ።

ፎቶ የለም። ሆስፒታል የለም። ገጹ በሙሉ የፍሪጅ ማስታወቂያ ነው። ያውም ተገልብጦ።

ምንም አላልኩም። እሳቸው ግን ዝምታዬን ሰሙት። «ምን ላይ ነው የከፈትኩት?» አሉኝ።

«ፍሪጅ።»

«ውድ ነው?»

ከዚያ ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ኒካኖር ጠዋት ቡና ሲያቀብላቸው አንድ ሁለት አርዕስት በጆሯቸው ሹክ ይላቸው ነበር። ሌላውን ከራሳቸው ነው የሚያመጡት። መንገድ ሲጠፋቸው ፌዮ ጥያቄ እየጣለ ያወጣቸዋል። እኔ ማቋረጥ የምለው...

«ሁሉም ያውቁ ነበር?»

«እንዳያውቁብኝ ነበር የምፈልገው። እነሱም እንደማያውቁ ሆኑልኝ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ኤርሲሊያ።»

ሩዝ ቀቅዬላቸው፣ ጢማቸውን ላጭቼ መጣሁ። ይሄ ሁሉ ሲሆን እኔ የት ነበርኩ? አንድ በር ወዲህ።

ሐሙስ፣ ማርች 27

ፌዮ ቤት ሄድኩ። ቁጭ በይ ሳይለኝ ጠየቅኩት። «ታውቅ ነበር አይደል?»

«ሊዮንሲዮ ነው የነገረን። የሚስቅባቸው ካለ ከዚህ በር አይገባም አለ።»

«ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

ፌዮ ወደ ጫማው አየ። «አበልጄ... እሱ ሊነግርሽ ሲመጣ ሁሌ በሩን ትዘጊው ነበር።»

ቂም የለበትም አነጋገሩ። ቂም ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ኤፕሪል 6

ጓሮዬ ጠራኋቸው። ሳንኮቾ ሾርባ ሠራሁ፣ በሦስት ዓይነት ሥጋ። የቤቴን ወንበሮች አውጥቼ በጥላው በኩል ደረደርኩ። ፌዮ መምህርን ይዟቸው መጣ። ኒካኖርም መጣ፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ እንግዳ መስሎ።

አልሆነም። የፋርማሲው ኤርኮንዲሽነር ማሽን ጓሮዬ ውስጥ ያጓራል። መምህር ጮክ ብለው ጀመሩ። ማን ይስማ? የሚያልፍ መንገደኛ የለ፣ በመስኮት አንገቱን አስግጎ «ውሸት ነው!» የሚል የለ። መሐል ላይ አቆሙ። «ድምፄን ይበላዋል» አሉ።

ሁላቸውም ሾርባውን አመሰገኑ። አስበውበት፣ በየተራ። ማንም በማንም ላይ አልቀለደም።

ሲወጡ መምህር እጄን ያዙ። «አመሰግናለሁ። ግን ይሄ ጥየቃ ነው፣ ልጄ። እዚያ ማንም ማንንም አይጋብዝም ነበር።»

ሳህኖቹን ሳጥብ ነው የገባኝ። የተጋበዘ ሰው መሄጃ ሰዓቱን ያስባል። እነሱ እዚያ መሄጃ አያስቡም ነበር።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 8

የፋርማሲውን ሰውዬ ውሉን እናፍርሰው ብዬ ለመንኩት። በትሕትና ሳቀብኝ። የራስ ምታት መድኃኒት ጨምሮ ሰጠኝ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24

የመምህር የእህታቸው ልጅ ከፖርቶ ፕላታ መጥታ ወሰደቻቸው። ጥሩ ልጅ ናት። «ብቻቸውን እንደዚህ መሆናቸውን አላውቅም ነበር» እያለች ታለቅሳለች። አልነበሩም እኮ ብቻቸውን... ልላት ነበር። ተውኩት።

«እናንተ ሰፈር ሲጋር ቤት አለ?» ብለው ጠየቋት መኪናው ውስጥ ሆነው።

«ትልቅ ቴሌቪዥን አለን፣ አጎቴ።»

ፌዮ ፊቱን አዞረ። እኔ የመኪናውን መስኮት ይዤ ትንሽ ተራመድኩ። ይቅር ይበሉኝ ልል ፈልጌ «ካፖርት ይዘዋል ወይ?» አልኩ። ካፖርት! በዚህ ሙቀት!

ሐሙስ፣ ሜይ 8

ሐኪሙ ሳልዎ የጨጓራ ነው አለኝ። ከጭሱ ጋር አይገናኝም።

ለዩዴልካ አልነገርኳትም።

ሐሙስ፣ ሜይ 22

ከግድግዳዬ ማዶ ፋርማሲ እያለ መድኃኒት ልገዛ ሳንቲያጎ ድረስ ሄድኩ። እዚህኛው መግባት አልቻልኩም።

ወደ ሚኒባሱ ስመለስ ሽታው መጣ። ጠባብ ሲጋር ቤት ናት፣ በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ። እግሬ ነው ያስገባኝ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ጠጋ አለልኝ። «ተቀመጪ እህቴ፣ ቆሞ ጨዋታ የለም።»

ተቀመጥኩ። ስለ አዲሱ የአደባባይ ሰዓት ይከራከራሉ።

«ወደ ኋላ ነው እኮ የሚቆጥረው!»

«ተወው ታዲያ፣ ሚስቴ ተመልሳ ወጣት እስክትሆን አይነካ!»

ሳቅኩ። ማንም ማን ነሽ አላለኝም። ቆይቶ ነው ሰውዬው ከየት እንደሆንኩ የጠየቀኝ።

«ከታምቦሪል።»

«ታምቦሪል! የጭነት መኪና ስነዳ እዚያ አንድ ሲጋር ቤት ነበረ። ሽማግሌ ጋዜጣ የሚያነቡበት። ማየት አይችሉም ይባላል፤ ግን እንዴት ያነቡ ነበር መሰለሽ! ዳር ይዤ አቁሜ እሰማቸው ነበር። አለ እስካሁን?»

መንገደኛው እንኳ ያውቅ ነበር።

«ተዘጋ» አልኩት።

«ምነው? ባለቤቱ ሞተ?»

«እሱማ ቀደም ብሎ ነው የሞተው። ሚስቱ ናት የዘጋችው።»

«ምን ሆና?»

«ደክሟት።»

ራሱን ነቀነቀ። «ምስኪን» አለ።

ለእሳቸው ይሁን ለእሷ አልጠየቅኩትም። ወደ በሩ ዞርኩ። የታምቦሪል ሚኒባስ ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ። ሌላም አለፈ። አልተነሳሁም።