ሽማግሌ የሚቀበል አጎት

ረቡዕ

የዳዊት ካምፐር፣ ያ ተሽከርካሪ ቤቱ፣ ከእኔ አፓርትመንት ይበልጣል ብዬ አልጽፍም። ይበልጣል ግን። ዛሬ ጠዋት ስቶን ማውንቴን ድረስ መጥቶ ደጄ ላይ ፓርክ ሲያደርገው ጎረቤቶቼ ሁሉ ወጥተው አዩለት። እኔ ሻንጣዬን ይዤ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ይጠብቅ።

ዳዊት የሜሮን እናት ወንድም ነው። ኬኔሶ ይኖራል፣ ሆስፒታል ይሠራል፣ ለባሕር ዳርቻ እንኳ ሸሚዝ ይተኩሳል። እኔ የአባቷ ወንድም ነኝ። ወንድሜ ካረፈ ወዲህ መኪና መንዳት ያስተማርኳት እኔ፣ ስታኮርፍ ያሳቅኳት እኔ፣ ስትስቅ ያበሸቅኳትም እኔ። አሁን ዳዊት ፍሎሪዳ ጫፍ ወዳለች ደሴት ይወስዳታል፣ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ከድንች ጋር ተቀምጫለሁ።

ከጆርጂያ ሳንወጣ እናቷ አልማዝ ወሬውን ጣል አደረገችው። የሜሮን እጮኛ ኪሩቤል ከጉዞው ከተመለስን በሳምንቱ፣ እሑድ ዕለት፣ ሽማግሌ ይልካል።

"ዳዊት ይቀበላቸው ብለናል" አለች።

"ማን ነው ያለው?" አልኩ።

ሜሮን ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ውጭ ጥድ እንጂ የሚታይ ነገር የለም።

ሐሙስ

ሌሊቱን መንገድ ላይ አደርን። ዳዊት ሲያንኮራፋ እንኳ ሥርዓት አለው።

ነዳጅ ስንሞላ ሜሮንን ለብቻዋ አገኘኋትና ጠየቅኳት። ለሽማግሌ መልስ የሚሰጠው የአባት ወገን አይደለም ወይ?

"አጎቴ፣ አንተ እኮ ትቀልዳለህ። የኪሩቤል አባት ሲሪየስ ሰው ናቸው። ባለፈው ስታገኛቸው ምን አልካቸው?"

"ምን አልኳቸው?"

"'ልጅዎ ሳህን ያጥባል ወይስ እንደ እርስዎ ነው?'"

ጥሩ ጥያቄ ነበር። አሁንም መልሱን አላገኘሁም።

ከሰዓት በኋላ ድልድዩን ተሻግረን ገባን። ግራም ባሕር፣ ቀኝም ባሕር። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ዶሮዎች መሀል መንገድ ላይ ይንጎራደዳሉ። ነፋሷ ግን አይጣል ነው። ዘንባባው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ጎብጧል፣ ኮፍያዬ ገና ከመውረዴ በረረ። ሜሮን "አጎቴ! አጎቴ!" ብላ ጮኸች። እኔም ዳዊትም "አቤት!" አልን። ሮጦ ኮፍያውን የያዘው ዳዊት ነው። እኔ ስደርስ አቧራውን አራግፎ ጨርሷል።

"ይኸው ጋሽ ተፈራ፣ ያጥብቁት" አለኝ።

ኮፍያውን ዛሬ ድጋሚ አላደርገውም።

ዓርብ

ጾም ስለሆነ ሽሮውን እኔ እሠራለሁ አልኩ። ዳዊት ሽሮ መሥራት አይችልም። ይኼ የዛሬው የመጀመሪያ ደስታዬ ነበር።

ካምፐሩ ውስጥ በዚህም በዚያም መስኮት አለ፣ ነፋሱ ከአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። እንዲህ ያለ ነፋስ ሰው ይመታል። አልማዝም ወገቧን ይዛ "ዝጋው፣ ዝጋው" አለች። ሁሉንም ዘጋሁ። ጣሪያው ላይ ያለችውንም ዘጋሁ። ከዚያ ሽንኩርቱን ከበርበሬው ጋር ማቁላላት ጀመርኩ።

የጭስ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ደሴቲቱ የምትሰምጥ መሰለኝ። እያሳልን፣ እያለቀስን ተግተልትለን ወጣን። ከጎናችን የሰፈሩት ፈረንጆች ውኃ ይዘው መጡ። ዳዊት በተተኮሰ ሸሚዙ አፍንጫውን ሸፍኖ ተመልሶ ገባ፣ መስኮቶቹን ከፈተ፣ ምድጃውን አጠፋ።

"ጋሼ፣ ደህና ነዎት?"

አልተቆጣም። ቢቆጣ ምን ነበረበት? ሜሮን እየሳቀች ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። እኔንም መታችኝ፣ ግን እሱን አስቀድማ ነው።

ቅዳሜ

ዛሬ የሆነውን ሳልረሳው ልጻፍ።

ዳዊት ለሽማግሌው እሑድ ልምምድ ያስፈልጋል አለ። ልምምድ! አሸዋው ላይ ወንበር አስቀምጦ እህቱን ከጎኑ አስቀመጠ። እኔ የሽማግሌውን ቦታ ያዝኩ። አንሶላ ተከናንቤ ነበር፣ ነፋሱ እንደ ሸራ እየነፋኝ።

"ይቀመጡ" አለ ዳዊት።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አልኩ ድምፄን አወፍሬ። "ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ቆመን እንለምናለን።"

ዳዊት አንገቱን ነቀነቀ። "በጣም ደስ ይለናል። ሰጥተናል። ኖ ፕሮብለም። አሁን ይቀመጡ።"

እኔ ሌላ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። አልማዝ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

"በቃ?" አለች ሜሮን። "አለቀ?"

"ልጁን ትወጂዋለሽ አይደል?" አላት ዳዊት ግራ ገብቶት። "ምን ማጓተት ያስፈልጋል?"

"እወደዋለሁ። ግን ሰው ዶሮ ሲሸጥ እንኳ እኮ ትንሽ ይከራከራል!"

ብድግ ብላ ወደ ውኃው ሄደች። እያለቀሰች ይሁን አሸዋ ዓይኗ ገብቶ አላወቅኩም። አንሶላዬን እየጎተትኩ ተከተልኳት። ሳልቀልድ አብሬያት ቆምኩ፤ ለእኔ ከባድ ነው።

"አጎቴ" አለች ኋላ ላይ። "ትንሽ አስቸግርልኝ።"

"ምን ያህል?"

"እንደምትሳሱልኝ እንዲያውቁ ያህል። ደግሞ እንዳታባርራቸው!"

ስንመለስ ዳዊት ወንበሮቹን እያጠፈ ነበር። ሜሮን የጠየቀችኝን ነገርኩት። "እንግዲህ እምቢ የሚሉት እርስዎ ይሁኑ፣ እሺ የምለው እኔ" አለኝ። እጁን ጨበጥኩት። በልቤ እየጨፈርኩ ነበር። የካምፐሩ ጌታ ይሁን፣ ኮፍያ ያዥም ይሁን። እምቢታው የእኔ ነው!

ሰኞ

አትላንታ። ሌሊቱን ተጉዘን ትናንት አመሻሹ ላይ ገባን። ጫማዬ ውስጥ ያለው አሸዋ አያልቅም።

ዛሬ ከሥራ መልስ መኪና ውስጥ ሆኜ የእምቢታ ምክንያት ስለማመድ ነበር። ገና ልጅ ናት። እናቷ ብቻዋን ትቀራለች። ልጁን በደንብ አናውቀውም። የሚኖረው ሩቅ ነው። ለማሳቅ ነበር የጀመርኩት። አራተኛው ላይ ስደርስ ድምፄ የቀልድ ድምፅ አልነበረም። ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ኪሩቤልን፣ ምንም ያላደረገኝን ልጅ፣ ስረግመው ራሴን አገኘሁት። ዳዊት ላይ የነበረው ቅናቴ ቤት ቀይሮ ኪሩቤል ላይ አርፎ ኖሯል። ከዳዊትስ ጋር ሜሮን ስትሄድ ቢያንስ አብረን እንቀራለን።

ማታ ዳዊት ደወለ።

"ጋሼ፣ ስንት ጊዜ ነው እምቢ የሚሉት? እኔ መቼ ልግባ?"

"አንድ ጊዜ። ከዚያ አንተ እሺ ትላለህ።"

ዘጋሁት። ጥቂት ቆይቼ መልሼ ደወልኩ።

"ዳዊት፣ እምቢታውን አላቆም ካልኩ እግሬን ርገጠኝ።"

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

"እረግጥሃለሁ፣ ጋሼ" አለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ብሎ።