ሚሮን አሳልፈው ለሚሰጡት ዳኛ

ለክቡር ዳኛ
ደብሊን

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የማይቆረቁር፣ ሻይዎም የማይቀዘቅዝ ይሁን እያልኩ፣ በመላው አየርላንድ ከእኔ የሚበልጥ ደብዳቤ ጸሐፊ እንደሌለ በትሕትና አስታውቃለሁ። መላው አየርላንድ ትንሽ በዛ መሰለኝ፤ በሰፈራችን የማታ ትምህርት ክፍል ውስጥ ግን፣ ጉንፋን የያዛት ተማሪ እስክትመለስ ድረስ፣ የለም።

ጎረቤቴ ሚሮ የረግረጉን አፈር ለማገዶ ስቆርጥ ከሥር የሚቀበለኝ ሰው ነው። በትውልድ አገሩ የሹም መኪና አቃጥለሃል ተብሎ ይፈለጋል፤ እሱ አላቃጠልኩም ይላል። እዚያ የሚፈርድበትን ዳኛ የሾመው ያው ባለመኪናው ሹም ነው ይባላል። እርስዎ ደግሞ ሚሮን ለዚያ አገር የማስረከቢያውን ትእዛዝ በሚቀጥለው ሳምንት ይፈርማሉ። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ) የአውሮፓ ኅብረት አገሮች አንድ ዓይነት ሕገ መንግሥታዊ እሴት ስለሚጋሩ፣ የዚያን አገር ፍርድ ቤት እንደ ራስዎ ችሎት እንደሚያምኑት ስለ ገለጹልን አመሰግናለሁ። አይተውት የማያውቁትን ሰው እንዲህ ማመን ትልቅ ጸጋ ነው፤ በተለይ የሚታሰረው ሌላ ሰው ሲሆን።

፪ኛ) ጠበቃችን «ዳኛውን ማን እንደ ሾመው እንኳ ይጠየቅልን» ስትል፣ ይህ እህት አገርን ማስቀየም ነው በማለትዎ ጨዋነትዎን አደንቃለሁ። እኛ ግን ባለጌዎች ነን። በእኛ ሰፈር ቁልፍ በስተውጭ በኩል በሩ ላይ ተሰክቶ ይውላል፤ ጎረቤት ሳያንኳኳ ገብቶ እንዲያየን ነው። ሚሮ ጠዋት ጠዋት ቁልፌን አዙሮ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ሞተሃል ወይስ ሻይ ልጣድ?» ይለኛል። «ወተት ካልያዝክ ሞቻለሁ» እለዋለሁ። እርስዎ እንደሚያምኑት ዓይነት ቢያምነኝ ኖሮ፣ በሩን ሳይከፍት «ደኅና ነው» ብሎ ባለፈ ነበር፤ አምና ክረምት ወለሉ ላይ ወድቄ ያገኘኝ ዕለትም እንደዚያው ቢያደርግ፣ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ አይኖርም ነበር።

፫ኛ) ሚሮ ከተያዘ ወዲህ ቤቴ ጸጥ ብሎልኛል፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ቁልፉ አሁንም በሩ ላይ ነው። ባለሱቋ ብሪጅት፣ «ፊንታን፣ ቁልፉን ነቅለህ አስገባው እንጂ፣ ማን ሊመጣልህ ነው?» ትለኛለች። ውሻዬ ግን በሩ ሥር ይቀመጣል፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ብድግ ይላል፤ ድምፁ ሲርቅ ተመልሶ ይቀመጣል።

ከመፈረምዎ በፊት ያችን «ዳኛውን ማን ሾመው?» የምትል አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁልን። መልሱ ደግ ከሆነ፣ ሻንጣውን ተሸክሜ የምሸኘው እኔው ነኝ።

በእርስዎ ላይ ያለኝ እምነት፣ እርስዎ በማያውቋቸው ዳኞች ላይ ካለዎት እምነት በምንም የማያንስ፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣዎ፣
ፊንታን መልረናን፣ የረግረግ ማገዶ ቆራጭ

ማሳሰቢያ፦ በዚህ በኩል ካለፉ ሳያንኳኩ ይግቡ፤ እንደ ልማድዎ «ደኅና ነው» ብሎ ማለፍም መብትዎ ነው። ደግሞም ለችሎት መዋሸት ወንጀል ነው ስለሚባል፣ ከጻፍኩት ሁሉ አንዱን ብቻ ፈጥሬዋለሁ። ውሻ የለኝም።