አባባ ያላነሱት ግራ እጅ

ለውድ ወንድሜ ለቀነዓ፣

በጌታ ፍቅር የሞቀ ሰላምታዬ ካለህበት ላይፕሲግ ይድረስህ። አካም ጅርታ? ጤናህስ፣ ትምህርትህስ፣ ያ የምትለው ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባባም በሕይወት አሉ። ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ ያለውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ነው። ደብዳቤውን በፖስታ ቤት ሳይሆን በሰው እጅ የላክሁትም ለምን እንደሆነ ይገባሃል።

ባለፈው ስትጽፍልኝ፣ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ በደረት ላይ ሲለቀቅ መድኃኒቱ በልብ ደም ስር የረጋውን ደም ቶሎ እንዲያሟሟው ያግዛል፣ ገና እየሞከርነው ነው ብለህ ሦስት ገጽ ሞላህ። በሽተኛው ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት ብለህ አሰመርክበት። አባባ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደፈጀባቸው ልንገርህ? ስድስት ሰዓት! አምስቱን የበላው ቀበሌያችን ነው።

የዛሬ ወር እሁድ ጠዋት፣ ስብሰባ ላይ መፈክር ሲባል ሰው ሁሉ ግራ እጁን አነሳ፤ አባባ አላነሱም። በዚሁ ጉዳይ አንዴ ሁለት ሳምንት መታሰራቸውን ታውቃለህ። ያን ቀን ግን ላብ አጥምቋቸው፣ "ደረቴን ወጋኝ፣ ግራ ክንዴም ዝሏል" ብለው በሰው ፊት ተናገሩ። ሊቀመንበሩ ጓድ ገብረኪዳን ሳቀ። "የጴንጤ እጅ የሚዝለው መፈክር ሲባል ነው" ብሎ ቀበሌው እስር ቤት ቆለፈባቸው። እኔና እማዬ ደጁ ላይ ብንለምን ማን ሰምቶን! ተዝለፍልፈው ሲወድቁ ነው በጋሪ ወስደን ሐኪም ቤት ያደረስናቸው። ልባቸው ክፉኛ ተጎድቷል፣ ከእንግዲህ እስርም ድንጋጤም አይችሉም ተባልን።

ይህ አልበቃ ብሎ፣ በነገው እሁድ ስብሰባ ይገኙ፣ እጃቸው የማይነሳ ከሆነ የሐኪም ማስረጃ ያምጡ ተባለ። ሐኪሙ እጽፋለሁ አለ፤ አባባ ግን እምቢ! "እጄ ድኗል። ያን ቀን ባያመኝም አላነሳም ነበር፤ በወረቀት አልዋሽም" አሉ። በእሳቸውም ደሜ ፈላ።

ሳይሰሙ አስጽፌ ትናንት ራሴ ወሰድኩለት። ሊቀመንበሩ አነበበ፣ ማኅተሙን አየ፣ ራሱን እየነቀነቀ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ምነው ታዲያ ያን ቀን ቢነግሩን!" ቀነዓ፣ "እሺ ጓድ" ብዬ ወጣሁ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያ "እሺ" ነው።

እማዬ በናፍቆት ትስምሃለች። ታናሻችን ሎሚ ሰባተኛ ክፍል መግባቴን ንገሪልኝ ብላለች። አባባ፣ ያ ድምፅ ሲለቀቅ ያምም እንደሆነ ጻፍልኝ ብለውሃል። መልስላቸው፤ ስለ ወረቀቱ ግን አደራ፣ አንዲት ቃል እንዳትጽፍ።

እህትህ ጉዲቱ
ናዝሬት፣ ኅዳር 16 ቀን 1976 ዓ.ም.