ከሠራዊትሽ የወጣችው

ሠላማዊት፣

ሁለቱንም ጀሪካን ሞልቻለሁ። ውሃ የሚመጣው ረቡዕ ነው፤ ከእንግዲህ አንቺው ቅጂ።

ላፕቶፕሽን ሳላስፈቅድሽ ከፍቼ ያንን የባላባቶች ጦርነት ጌምሽን ሞከርኩት። ይቅርታ።

አጀማመሩ በእውነት ጥሩ ነው። በአምስት ወታደር አንድ መንደር መጠበቅ ያስጨንቃል፣ ያሳስባል። ግንቡ ሁሉ ከተያዘ በኋላ ግን ያው ከበባ፣ ያው ንግግር ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብራሽ የዘመተችውን ሴት ባናግራት፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ደጋገመችልኝ። ለሌሎቹ ሁሉ ርስት ሰጥተሻል፤ ለእሷ ምንም።

ስለ እኔ ለአከራያችን «እሷ ደግሞ ወዴት ትሄዳለች!» ብለሽ ስትስቂ ሰምቻለሁ።

አብደራፊ ከተማ ሥራ አግኝቼ ሄጃለሁ። ቁልፉን ከአከራያችን ተቀበዪ።

ያቺንም ሴት ከሠራዊትሽ አሰናብቼ ጌሙን ሴቭ አድርጌዋለሁ።

ትሁን