ምሕረቱ የአባየ ነው

ባሕር ዳር
ታኅሣሥ 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለክንዱ፤

እንደምን ከርመሃል ብየ አልጀምርም። ይህን የምጽፈው አባየ ጻፊለት ስላሉኝ ብቻ ነው። ዓይናቸው ስለማያይ የጻፍሁትን ሊያነቡት አይችሉም፤ እኔም የልቤን እጽፋለሁ። በፖስታ ቤት አልላክሁትም፤ ባለ ታንኳው አስናቀ በእጁ ያደርስልሃል።

አስናቀ ትናንት ከደቅ ደሴት መጥቶ ቤታችን ገባ። ጾም ውለን ማዕድ ቀርበን ነበር። «ክንዱ ካድሬነቱን ጥሎ ደሴቱ ላይ ነው ያለው። ለአባ ፅጌ ማርያም ተናዝዞ፣ ንስሐውን ጨርሶ ቆርቧል። አባቱ ፊት ለመቆም ግን አፍሯል» አለ።

አባየ የጠቀለሉትን ጉርሻ መሶቡ ላይ መለሱት።

«ልጄ በሕይወት አለ?» አሉ።

«አለ እንጂ! ዓይንዎን ያጠፋው ልጅዎ አለ» አልሁ።

«ማን እንዳጠፋው አልጠየቅሁሽም» አሉና ወደ አስናቀ ዞሩ። «ከስቷል?»

እግዜር ምሮሃል አሉ። እሱ ምን ቸገረው! ስንቅ ይዞ እስር ቤት ደጅ አልቆመ። አገልግሉን በሳንጃ እየወጉ ሲፈትሹ ቆሜ ያየሁ እኔ ነኝ።

ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስትነሣ «አባቴ» እንኳ አላልህም። «ቄስ ወልደ ዮሐንስ የተባለው አድኃሪ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ፀረ አብዮቶችን ይደብቃል» አልህ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጨ ነበር፤ ዞረህ አላየኸኝም። ከዚያው ወሰዷቸው። የተፈቱ ዕለት «አባየ!» ብየ ሮጥሁ፤ እሳቸው ግን ድምፄን ፍለጋ እጃቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉ። ሊያገባኝ የነበረው ደሞዝም የአድኃሪ ልጅ ብሎ ሽማግሌዎቹን አስቀረ። አንተ ያን ጊዜ በላንድሮቨር ነበር የምትሄደው።

ይህን ሁሉ ትናንት ለአባየ ነገርኋቸው፤ ጮኼባቸውም ነበር። ሰሙኝና፣ «የሰውን ልጅ ሁሉ እግዚአብሔር ይፍታህ ስል ኖሬ፣ የራሴ ልጅ ሲመጣ አፌን ልዝጋ?» አሉ። «ለገና ይምጣ። ወደቡ ድረስ ሄጄ እቀበለዋለሁ።»

«ማን ይመራዎታል?»

«አንቺ ነሻ!»

እንግዲህ ና። ወደቡ ላይ ብታየኝ አባየን ይዤ ነው እንጂ አንተን ናፍቄ አይደለም። እህቴ ብለህ እንዳትስመኝ። ምሬሃለሁ አላልሁም፤ ምናልባትም አልል ይሆናል። መኝታ አዘጋጅቼልሃለሁ፤ ይህም የሳቸው ትእዛዝ ነው።

አባየ «እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ፤ ከክፉ ሰውሮ በሰላም ያምጣህ ብለሽ ጻፊልኝ» ብለዋል። ጽፌአለሁ። ምርቃቱ የሳቸው ነው።

ከታንኳው እንደ ወረድህ ቶሎ ድረስላቸው። ድንጋዩ ያዳልጣል፤ ጉልበታቸውም ደክሟል። ሲያቅፉህ እንዳይወድቁ አጥብቀህ ያዛቸው፤ እኔ ያን ጊዜ እጃቸውን እለቅልሃለሁ።

አገርነሽ ወልደ ዮሐንስ