ዋሴ የበሉት ሥጋ

ሰኞ፣ ጥቅምት ፰

ጋሼ መኮንን ሳልጠይቃቸው «ዋስ እሆንሻለሁ» አሉኝ። ነገሩ አልጣመኝም።

የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ እስከ ዓርብ ዋስ ካላቀረብኩ በመጣሁበት እንደምመለስ ቁርጡን ነግሮኛል። ማላካል ተወልጄ ስላደግኩ ወረቀቴ ሱዳናዊት ይለኛል። አባቴ የዚሁ አገር፣ የሁሩሙ ሰው ነው ብል ማን ይሰማኛል! እስከዚያው ትምህርት ቤት ክፍል የምቀመጠው በእንግድነት ነው፤ ስም ሲጠራ የእኔ አይጠራም። ልጆቹ «ሱዳን» ይሉኛል። መምህሩ ሲገባ መነሣት ረስቼ ሁለቴ ተሳቀብኝ።

ጋሼ መኮንን ቡና ነጋዴ ናቸው። አባቴን የሚያውቁት በንግድ ነው፤ ቤታቸው ካረፍኩ ደግሞ ገና ሦስት ሳምንቴ። እኔ ባጠፋ የሚታሰሩት እሳቸው ናቸው። ታዲያ ምን አስቸኮላቸው? የጠረጠርኩት፦

አንደኛ፣ ቡሬ ያለው ወንደላጤ ወንድማቸው። እሑድ መጥቶ ወጥ መሥራት እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ምን አገባው?

ሁለተኛ፣ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ የጉልበት አጋዥ ይፈልጋሉ።

ሦስተኛውን ገና አላገኘሁትም። አይጠፋም ግን። አባቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለ ነው ያሳደገኝ።

ማክሰኞ

ጎረቤት ሞቶ ሰፈሩ ሁሉ ቀብር ወጣ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየወጡ «ሥጋ ገዝተሽ ወጥ ሥሪ፤ ርቦን ነው የምንመለሰው» አሉኝ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ሁልጊዜ የምንገዛበት ሥጋ ቤት ተዘግቷል። ባለቤቱም ቀብር ሄዷል አሉ። ወደ ታች ወርጄ ሌላ አገኘሁ።

ሻጩ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አይተው ቢላቸውን አስቀመጡ። «የማን ቤት ነሽ? ለማን ነው?» ምን አባታቸው ይጠይቁኛል? አጥንት ሊሰጡኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። በዓረብኛ ሰላምታ ሰጠኋቸው፤ ፊታቸው በራ፤ ከሻኛው ቆርጠው በኮባ ቅጠል ጠቀለሉልኝ።

ወጡ ተዋጣልኝ። ጋሼ መኮንን መጀመሪያ ጉርሻ ላይ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ዝም ብለው በሉ። እትዬ አስካለ ደግሞ መሐል ላይ እጃቸውን ሰበሰቡ። ጨው በዝቶ ይሆን?

ረቡዕ

ጉድ ሆኛለሁ።

ጠዋት እትዬ አስካለ ድስቱን በአመድ ሲፈትጉት አገኘኋቸው። አንዴ ታጥቦ ያደረ ድስት! ከጎረቤቲቱ ጋር በኦሮምኛ ያወራሉ፤ ስደርስ ዝም አሉ። «ፎን» የምትል ቃል ሦስት ጊዜ ሰማሁ።

ክፍል አብራኝ የምትቀመጠውን ጫልቱን ጠየቅኋት። «ፎን ሥጋ ነው» አለችኝ። ከየት እንደገዛሁ ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች። «ዋይ! እሱ እኮ የእስላም ሥጋ ነው። ክርስቲያን አይበላውም፤ እነሱም የክርስቲያኑን አይበሉም። አባትሽ አልነገረሽም?»

አልነገረኝም። ማላካል ያለው ሥጋ ቤት ሁሉ የእስላም ነው፤ አባቴም ማተቡን እንዳሰረ ሲበላ ነው የኖረው። ለካ ሽማግሌው ያመነቱት ለእኔው ብለው ነበር። እኔ አጥንት አሰብኩ!

አሁን ማን አወቀ? ብናገር ዋሱ ቀረ፣ ትምህርቱም ቀረ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ዝም።

ሐሙስ

ዝምታው አላስበላኝም። የንስሐ አባታቸው መጡ። እትዬ አስካለ ጓዳ ይዘዋቸው ገብተው ረጅም ሰዓት ተንሾካሾኩ። ሲወጡ መስቀል አሳለሙኝና ትንሽ ቆም ብለው አዩኝ። ለምን አዩኝ?

ጋሼ መኮንን ግን ለቡና ከሄዱበት ከኖፓ ተመልሰው ደስ ብሏቸው «ነገ ጠዋት እንፈርማለን» አሉ። ፈገግታቸው በዛብኝ። ልብሴን አጣጥፌ ሻንጣዬ ውስጥ አስገባሁ፤ መልሼ አወጣሁ። እኚህ ሰው አንገታቸውን ሊሰጡልኝ ነው፤ እኔ ደግሞ ሃይማኖታቸው የማይፈቅደውን አብልቻቸው ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። አፈርኩ።

ዓርብ

ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ እግሬ አልሄድ አለ። «ጋሼ፣ ሳይፈርሙ የምነግርዎ አለ» ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። መሬት መሬት እያየሁ ነው የጨረስኩት።

«ቀብሩ ላይ ከማን ጎን የቆምኩ ይመስልሻል?» አሉኝ። «ከሥጋ ሻጫችን ጎን። እሱ እዚያ ቆሞ ሥጋው ከየት መጣ?»

«ታዲያ ለምን በሉ?»

«ርቦኝ ነዋ!» አሉ። «ደግሞ ብተወው ያን ቀን ቤቱ ሁሉ በአንቺ ላይ ይነሣ ነበር። አንድ ጊዜ ማላካል ላይ ብታመም አባትሽ አስታሞኛል፤ ያኔ ምን እንዳበላኝ አልጠየቅኩም።»

ሦስተኛው ምክንያት ይሄ ነበር። እንባዬ መጣ። ባልናገር ኖሮ ምን ያደርጉ እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«እፈርም ነበር። እንቅልፍ ግን አይወስደኝም ነበር።»

ገብተው ፈረሙ። ጸሐፊው ማኅተሙን መታ። ስንወጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለእትዬሽ አደራ እንዳትነግሪ። ካወቀች ታማ ትተኛለች» አሉኝ።

ከሰዓት እትዬ አስካለ ከሚካኤል ሲመለሱ ጓዳ ጠሩኝ። በሩን ዘጉት። አለቀልኝ አልኩ። «ሥጋው የእስላም መሆኑን መሐል ላይ ነው ያወቅሁት፤ ሥጋ ሻጫችን ቀብር ላይ እንደነበር ትዝ ሲለኝ» አሉ። «አባ መቶ ስግደት አዘውኛል፤ እየሰገድኩ ነው፤ አንቺ ልጅ ነሽ፣ አታውቂም። ለጋሼሽ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። እሱ ጨጓራው ስስ ነው፤ ቢያውቅ ሞተ በይው።»

«እሺ እትዬ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ራት ላይ ሦስታችንም ሽሮ ከበን ተቀመጥን። እትዬ አስካለ ጎንበስ ባሉ ቁጥር ወገባቸውን ይይዛሉ። ጋሼ መኮንን «ምን ሆነሽ ነው?» ቢሏቸው «ብርድ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «ከእንግዲህ ሥጋውን እኔ ራሴ እገዛለሁ፤ ልጅቱ ትማር» አሉ።

ጋሼ መኮንን ቶሎ ብለው «አዎ! እንዲያውም አንቺ ግዢ» አሉ።

ሳቄ አመለጠኝ፤ ሽሮው ትን አለኝ። ሁለቱም እጃቸውን መሶቡ ላይ አቁመው በጥርጣሬ አዩኝ።