ኮቴ ያላት ሙሽራ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9
በምሳ ሰዓት፣ ዝናቡ እያካፋ

ለልጄ፣ ለሆዴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ስልክ ስለማታነሺ እንዴት እንደሆንሽ አላውቅም፤ ደህና ናት ብዬ ነው የምጽፈው። እኔ ደህና ነኝ። ዝናብ ሲመጣ ጉልበቴ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው ሁሉ በቦታው ነው። አክስትሽ ሰላም ብላሻለች። እሷም እንዳንቺው አኩርፋኛለች፤ ግን ታውቂያት የለ፣ የሷ ኩርፊያ ርቀት አይችልም። በየቀኑ ትመጣና ሻይዬን እየጠጣች ታኮርፈኛለች።

የምጽፍልሽ ከሥራ ቦታ ነው። ሁሉም ምሳ ሄደዋል። ክፍሉን ታስታውሺዋለሽ፤ የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ግድግዳው እስከ ጣሪያው ድረስ በአሮጌ ብርድ ልብስ እንደተሸፈነ ነው። ልጅ ሆነሽ እዚያ ጥግ ተኝተሽ እኔ ለፊልም እሪ ስል አትነቂም ነበር። አለቃችን «የዚችን ልጅ ጆሮ ሐኪም ይየው» ይለኝ ነበር። አሁን በኮሪደሩ መስኮት ዝናቡን አየዋለሁ እንጂ አልሰማውም። ድምፅ የሌለው ዝናብ አይተሽ ታውቂያለሽ? ዝም ብሎ ይወርዳል፤ ሰዎች ጃንጥላ ይዘው ያልፋሉ፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ምንም የለም። እንቅልፍ ላይ ያለሁ ይመስለኛል። እስኪመለሱ ድረስ እንዲሁ እያየሁ ልጻፍልሽ።

ባለፈው ስትደውዪ ምን አልሽኝ? «እማዬ፣ አንቺን ያበላሸሽ ፊልም ነው» አልሽኝ። ቀጥለሽ «እሱን ካገባሽ እናት እንዳለችኝ እረሳለሁ» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። ሁለተኛውን ለጊዜው እንተወው፤ አቅም ሳገኝ እመለስበታለሁ። የፊልሙን ግን አሁን ልመልስልሽ። ዕድሜ ልኬን የሰው አፍ እያየሁ ድምፄን ስሰጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ በሌላው ባትሰሚኝ በዚህ እንኳ ስሚኝ።

የፍቅር ፊልሞቹ አላበላሹኝም፤ አስፈሩኝ እንጂ። ያቺን ዳቦ ጋጋሪ ታስታውሺያታለሽ? ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ብስክሌት ጠጋኙን ልጅ ትወደዋለች። ልጅ እላለሁ እንጂ ሠላሳ አምስት ሞልቶታል፤ ከሷ ስለሚያንስ ብቻ ነው ሁሉም ልጅ የሚለው። እስከ ፊልሙ ግማሽ ድረስ እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ! ቅንድቧ ላይ ዱቄት አለ፤ እሱ ዳቦ ሊገዛ መጥቶ ዳቦውን ረስቶት ይሄዳል። ከዚያ ጸሐፊው ምን እንደነካው እንጃ፣ ወስዶ ወንዝ ውስጥ ከተታት። ሰጠመች! ማንም አልገፋትም፤ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ስትዋኝ አሳይተውናል። አለቃችንን «ይቺ ሴት እኮ ዋና ትችላለች» ብለው «አንቺ ድምፅሽን ስጪ፣ ለማዳን ሥራ አልተቀጠርሽም» አለኝ። ስትሰጥም ላሰማሁት ጣር ሁሉም አመስግኖኛል። ጣር አልነበረም፤ ንዴት ነው።

የሚያስቁት ደግሞ ይብሳሉ። አንዲት አስተማሪ ነበረች፣ ቁመቷ ከመብራት ሠራተኛው በሁለት ራስ የሚበልጥ። እውነተኛ ፍቅር ነው የያዛቸው። ግን ሊሳሳሙ በተጠጋጉ ቁጥር መሰላሉ ይወድቃል፣ ጥሩምባው ያጓራል፣ ሰው በሳቅ ይሞታል። ምን የሚያስቅ ነገር አለው? እሱ ቀና ብሎ ሲያያት ፊቱ እንዴት እንደሚበራ አንድም ሰው አላየም። እንግዲህ ያስተማሩኝ ይኸው ነው፤ ለየት ብለሽ ከወደድሽ ወይ ትሰጥሚያለሽ ወይ ይሳቅብሻል። ፊልም ያበላሸኝ ቢሆን ኖሮ፣ ልጄ፣ ያ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ ወንበሬን አርቅ ነበር።

አስፈሪ ፊልም የምወደው ለዚህ ነው። አንቺ ስሙን ስትሰሚ ፊትሽን ታጨማድጂያለሽ፤ ደም በባልዲ የሚረጩትን አስበሽ ነው። እነሱማ ለኔም አይጥሙኝም። ደም አይቶ የማይደነግጥ ማን አለ? እኔ የምወደው ቀስ የሚሉትን ነው። ኮሪደሩ ረጅም፣ መጋረጃው በነፋስ የሚወዛወዝ፣ ሰው ቆሞ የሚያዳምጥበት። አንዲት አሮጊት ያሉበት አለ፤ ከሰዓት በኋላ በሩ በራሱ ይከፈታል፣ የሚገባ የለም፤ እሳቸው ግን ተነሥተው ወንበር ይስባሉ። ማን እንደመጣ እስከ መጨረሻው አይነግሩሽም። ያን ፊልም የሠራሁ ሰሞን ቤት ስገባ እንደ መንሳፈፍ ያደርገኝ ነበር፤ መንገዱም መብራቱም የፊልሙ ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን የግድግዳዋን ሙሽራ ነው። በሠርጓ ዋዜማ የሞተች ልጅ ናት፤ በቤቱ ግድግዳ ውስጥ ትኖራለች። ቤቱን ተከራይቶ የሚመጣው ሰውዬ ሰዓት አዳሽ ነው። ይሰማታል፤ አይሸሽም። የሚያድሳቸውን ሰዓቶች ሁሉ ያቆምና ለሷ ጸጥታ ይሰጣታል። በቃ፣ ይዋደዳሉ። አንዷ ሙት፣ አንዱ ሕያው! ሲኒማ አዳራሹ ውስጥ ግን አንድም ሰው አልሳቀም። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔን ደግሞ አስቢው፤ ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣ እሱ አርባ አንድ፣ ሁለታችንም እስትንፋስ አለን፤ አገሩ ሁሉ ጉድ አለ። ሞቼ ብሆን ኖሮ ያዝኑልኝ ነበር።

እንግዲህ ወደሱ መጣሁ። እዚህ ሥራ ቤት ኮቴ ነው የሚባለው። ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም፤ ሥራው ግን ይኸው ነው። ከውጭ የሚመጣው ፊልም ንግግሩና ሌላው ድምፅ ተጣብቆ ይመጣል። ንግግሩን ስናወጣው የእግሩም የበሩም ድምፅ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ እኔ የሴቲቱን አፍ ስሆን ኮቴ እግሯን ይሆናል። ጠጠር የሞላበት ሳጥን አለው፣ የእንጨት ወለል አለው፣ ለሱ እግር በልክ የተሰፋ ባለ ተረከዝ የሴት ጫማ አለው። ያን የሚያህል ሰውዬ ያን ጫማ አድርጎ፣ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ፣ እንደ አሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሲራመድ ብታዪው! መጀመሪያ ጊዜ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። እሱ ግን «እርስዎ ይሳቁ፣ እኔ ደረጃ እየወጣሁ ነው» ብሎኝ ቀጠለ። ስንት ሴት አብረን እንደሆንን አልቆጠርኩም። ንግሥት ሆነናል፣ ነርስ ሆነናል፣ ያቺንም ዳቦ ጋጋሪ ሆነናል። ሁልጊዜ እኔ ቀድሜ እቀዳለሁ፤ እሱ ድምፄን በማዳመጫ እየሰማ ይራመዳል።

የግድግዳዋን ሙሽራ ስንሠራ ተሳሳተ። ሙት ናት፤ ኮቴ የላትም። ይህን ደግሞ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አለቃችን የተቀዳውን ሊያዳምጥ ቁጭ ብሎ፣ ሙሽራዋ ከግድግዳው ስትወጣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ሰማ። ከወንበሩ ተነሣ። «አንተ ሰውዬ! የሞተች ሴት ጫማ አደረግክላት?» ኮቴ ላቡን ጠረገ። ያን ጫማ እንዳደረገ ነበር። «የሳቸውን ድምፅ ስሰማ እግሬ ዝም አላለም» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ ምኑም አልገባኝም ነበር።

የሙሽራዋ የእግር ድምፅ እንዲጠፋ ታዘዘ፣ ራሱ አጠፋው። በኋላ ፊልሙን አዳራሽ ገብቼ ብቻዬን አየሁት። ሙሽራዋ በኮሪደሩ መጣች፤ የኔ ድምፅ ነው፣ እግር ግን የላትም። ልጄ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ብቸኝነት ተሰማኝ። ይህን ሁሉ ዘመን የትም ስሄድ አብሮኝ የሄደ ሰው እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው። በጨለማው አዳራሽ ውስጥ አጠገቤ ሰው ጮሆ ሲተቃቀፍ እኔ እግሬን ፈለግኩት።

በማግሥቱ ጠጠሩን ሲያጥብ አገኘሁትና ይህንኑ ነገርኩት። ቀና አላለም። «ቢፈቅዱልኝ ላገባዎት እፈልጋለሁ» አለኝ። አየሽው? ያንን ሲናገር እንኳ አንቱታውን አልተወም! «መጀመሪያ አንቺ በለኝ» አልኩት። እስካሁን አልቻለም።

አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መልካም ሰው ነበር። ከኔ አፍ ሌላ ነገር አትሰሚም። ቤቱን የሚያስብ፣ ላንቺ የሚሞት። የሠራሁትን ፊልም ግን አንድም ቀን ቁጭ ብሎ አላየም። «የሰው ልቅሶ ይዘሽ ቤት አትግቢ» ይለኝ ነበር፤ እኔም በር ላይ ትቼው እገባ ነበር። ለዚህ ነው እቤት ድምፄ ከፍ ሲል ሰምተሽ የማታውቂው። መልካም ሰው ነበር።

ያንቺን ቁጣ ለኮቴ ነገርኩት። ምን ብሎ እንደሚመልስ አውቄ ነበር መሰለኝ ሳልነግረው ቆይቼ ነበር። «ልጅዎን ከሚያጡ እኔን ይጡኝ» አለኝ። ሌላ ከተማ አዲስ የሚከፈት የድምፅ ክፍል አለ፤ እዚያ ሂድ ተብሎ እያመነታ ነበር። ነገ ጠዋት ለአለቃችን እሄዳለሁ ወይም እቀራለሁ ማለት አለበት። ወሬውም አብሮት ይሄድልሻል ብሎ ነው የሚያስበው። ይኸው ዛሬ ዕቃውን በካርቶን ከቶ ምሳ ሄዷል።

እውነቱን ልንገርሽ። ይህን ደብዳቤ ስጀምር ልለምንሽ ነበር። እሺ በይኝ፣ ካላልሽ እተወዋለሁ፣ ልልሽ ነበር። ስለ ፊልም ሳወራልሽ ግን ያቺ ጋጋሪ ትዝ እያለችኝ መጣች፤ ዋና እየቻለች የሰጠመችው። ልለምንሽ አልቻልኩም። ነገ ጠዋት እሱ አለቃችን ቢሮ ሳይገባ ደጁ ላይ ጠብቄ አትሂድ እለዋለሁ። ይህ ደብዳቤ እስኪደርስሽ ተጋብተን ይሆናል። ድግስ የለውም፤ ሁለት ምስክርና አንድ ፊርማ ነው። አክስትሽ እያኮረፈችም ቢሆን ትፈርማለች፤ ጠይቄያታለሁ፣ «ቀሚስ የለኝም» አለች። እሺ ማለቷ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር ልመለስ። «እናት እንዳለችኝ እረሳለሁ» ብለሻል። ከዚያ ወዲህ እሁድ ይመጣል፣ ስልኩ አይጠራም። ፈርቻለሁ፣ ልጄ። እኔ ለገንዘብ ስጮህ የኖርኩት ሴት ለዚህ ፍርሃት ድምፅ መስጠት አልቻልኩም። «እሱን ከኔ አስበልጠሽ መረጥሽ» ትዪኝ ይሆናል። አልመረጥኩም። እሱ ምረጪ አላለኝም። ምረጪ ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ እኔ ደግሞ ከልጄ ጋር እንዲህ ዓይነት ጨዋታ አልጫወትም። እሱም ባሌ ነው፣ አንቺም ልጄ ነሽ። አልቀበልም በይ፤ መብትሽ ነው። ተቆጪ። ከፈለግሽ ዓመት ተቆጪ።

አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። እሁድ ደውዪ። መናገር አይጠበቅብሽም፤ ሃሎም አትበዪ። ስትተነፍሺ ብቻ ልስማ። ጉንፋን ይዞሽ እንደሆነ፣ አልቅሰሽ እንደሆነ፣ ሳትተኚ አድረሽ እንደሆነ ከትንፋሽሽ አውቀዋለሁ። እኔ አወራለሁ፤ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ አክስትሽ፣ ስለምንሠራው ፊልም። እሱን ካልፈለግሽ ስሙን አላነሳም። ሲበቃሽ ዝጊው፤ አልቀየምሽም። በሚቀጥለው እሁድም እንዲሁ።

እየተመለሱ ነው፤ በሩ ተከፈተ። ልጨርስ። ሙቅ ልብስ ልበሺ፣ ራትሽን ቆመሽ አትብዪ። ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ የሥራሽን መንገድ ያቅናልሽ። የምትወጂውን ሰው ሳታፍሪ የምትወጂበትን ልብ ይስጥሽ። ከኔ ይልቅ ቀደም አድርጎ ይስጥሽ።

እናትሽ